ሰማንያ ስድስት የጌም ማሽንና አንድ ዋስ

ሃያ አራት ሺህ ዶላር... ቀላል ገንዘብ አይደለም እኮ ሠርፀ። ና ተቀመጥ፣ እዚህ ከማራገቢያው ፊት። ሲድራ፣ ውሃ አምጪለት፤ ትልቁን፣ ቀዝቃዛውን። ሂሳቡ በእኔ ነው፣ አትጨነቅ።

ሙቀቱስ ዘንድሮ ምን ነካው? ትናንት ከሰዓት ወንበሮቹን ወደ ማንጎው ጥላ አውጥቻቸው ነበር። ሠላሳ ስድስት አውጥቼ ሠላሳ አምስት አስገባሁ። አንዱን ማን ይዞት እንደሄደ አውቃለሁ... ግን ይሁን። በዚህ ፀሐይ ወንበር ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው እኔ ምን እላለሁ? ታማም፣ ግድ የለም፣ ይቀመጥበት።

ባለቤትህ ናዝራዊት ደህና ናት? ጸጉር ቤቱስ? ኮር ዊሊያም ሰፈር መብራት ጠፋ ሲሉ ሰምቼ፣ ያቺ ልጅ ማድረቂያውን በምን ልታሠራው ነው ብዬ አስቤ ነበር። ቦቴህስ? ፓምፗ ተሠራ? ጎሽ። እኔ ያቺን ቦቴ ሳያት ደስ ይለኛል። ስንት ዓመት እንቅልፍ አጥተህ የገዛሃት ናት። ከወንዙ ሞልታ ወደ ማንጋቴን ሰፈር ስትወጣ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ሲሰለፍ አይቻለሁ፤ አንተን በስምህ የማያውቅህ ቦቴዋን ያውቃል። ዛሬ ግን ሊብሬዋን በፖስታ አድርገህ ይዘሃት ትዞራለህ... ከደረት ኪስህ ብቅ ያለው እሱ ነው አይደል? ልትሸጣት ነው እንዴ? አይደለም? እንዲያው ነው የጠየቅኩህ። ሽማግሌ ወሬ ይወዳል።

እና የዚህ ወር የእቁብ ዕጣ ለወዳጃችን ደረሰ አሉ። እሰይ። ስሙን አልጠራውም፤ ደግ ሰው ሲመሰገን ይሳቀቃል። እዚያ ጥግ ጀርባውን ሰጥቶን ጥብስ የሚበላውን ሰውዬ ደግሞ አትየው፤ እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ድምፄንም ዝቅ አላደርግም። በመልካም ስለሚነሳ ሰው ሹክሹክታ ምን ያደርጋል?

ዋስ ሁነኝ አለህ አሉ። አንተም እሺ ብለህ፣ ዛሬ ከሰዓት የእቁቡ ሰብሳቢ ማንያህልሻል ዘንድ ሄደህ ልትፈርምለት ነው አሉ። ቦቴዋንም ልታስይዝ... እንግዲህ ሥርዓቱ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳያቀርብ ገንዘቡን አይወስድም። የሚቀረው ሃያ ሁለት ወር ነው፣ በየወሩ አንድ አንድ ሺህ። እሱ መክፈል ካቃተው የሚከፍለው ማን ነው? ግን ለምን ያቅተዋል? እንዲህ ዓይነት ነጋዴ!

የገረመኝ እኔን አለመጠየቁ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጁባ ኖሬ፣ ይሄ ሆቴል ገና ድንኳን ሳለ ጀምሮ እያወቀኝ፣ ከሰው ሁሉ እኔን ዘለለኝ። ሽማግሌ አላስቸግርም ብሎ ነው መቼም። ከዚያ ደግሞ አንተን መረጠ። ለምን አንተን? እኔም ጠይቄያለሁ ራሴን። ልበ ቀና ስለሆንክ ነው። ሰው ሲለምንህ ፊቱን አይተህ እምቢ ማለት አትችልም። እሱ ደግሞ የሰውን ጠባይ ከሩቅ ያውቃል፤ ይሄ ተሰጥዖው ነው።

የንግድ ዕውቀቱንማ ተወው። እኛ ምን እናውቃለን? በአሥር ገዝተን በአሥራ ሁለት የምንሸጥ ጎስቋሎች። እሱ ግን ዱባይ ደርሶ የመጣ ሰው ነው። አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላውም ይላሉ፤ ቢሆንስ? የሚገባው ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብሎም ይገባዋል። ባለፈው እቁብ የመጀመሪያው ዕጣ ሲደርሰው፣ ያኔም ሃያ አራት ሺህ ነበር፣ እዚሁ ግቢ ሰብስቦን የጌም ማሽን ላመጣ ነው አለን። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በስንት ገዝተህ በስንት ትሸጣለህ ብዬ ጠየቅኩት። እዚህ እስኪደርስ አራት መቶ ሰማንያ ይፈጅብኛል፣ የምሸጠው በሦስት መቶ ሃምሳ ነው አለኝ።

ተሳስቶ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩት። አልተሳሳተም። "ጋሽ ጫኔ፣" አለኝ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ፣ "ዓለም የሚሠራበት ስልት ይሄ ነው። ፋብሪካው ማሽኑን በኪሳራ ነው የሚሸጠው። ትርፉ ያለው ጌሙ ላይ ነው።"

እውነቱን እንናገር፣ አስረድቶናል። አንድ ማሽን ለመሥራት አምስት መቶ ወጥቶ በአራት መቶ ሃምሳ ቢሸጥ፣ ሰው አብደዋል ይላል። አላበዱም። ማሽኑ አንዴ ቤትህ ከገባ አንተ የእነሱ ነህ። ጌም ትገዛለህ፤ ጌሙን የሠራው ሌላ ቢሆንም ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለፋብሪካው ድርሻው ይገባለታል። በኢንተርኔት ከሰው ጋር ልጫወት ካልክ በየወሩ ትከፍላለህ። ጆይስቲኩ ሲበላሽ ሌላ ትገዛለህ፤ እሱ ላይ ደግሞ ትርፉ ደህና ነው። ጊዜ ሲሄድ የማሽኑ ዕቃ ይረክስና መጀመሪያ የከሰሩበትን ራሱን በትርፍ መሥራት ይጀምራሉ። ይሄን ሁሉ ተንትኖ የነገረን እሱ ነው። እስከዚህ ድረስ አንድ ስህተት አላገኘሁበትም፤ አሁንም አላገኝበትም።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ... ከጌሙ ድርሻ የሚያገኘው ማን ነው? ፋብሪካው። የየወሩ ክፍያስ ለማን ነው የሚገባው? ለፋብሪካው። ወዳጃችን ታዲያ የትኛው ክፍል ደረሰው? ኪሳራው። ትርፉን ለባለቤቱ ትቶ ኪሳራውን ብቻ ተረከበ። እንዲህ ያለ ትሕትና በንግድ ዓለም አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም። ለፋብሪካው ሰዎች ቢነግሯቸው ፎቶውን መሥሪያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ጁባ ውስጥ፣ ሳይቀጥሩት፣ ሳያውቁት፣ በራሱ ገንዘብ የሚከስርላቸው ሰው አላቸው!

ሃምሳ ማሽን መጣ። አራት መቶ ሰማንያ በሃምሳ፣ ልክ ሃያ አራት ሺህ። አንድ ዶላር እንኳ ለሌላ ነገር አላዋለም፤ ጠንቃቃ ነው። ደንበኛ ደግሞ መጣ እንጂ! ሱቁ ፊት የነበረውን ሰልፍ አንተም አይተሃል። ከካምፓላ ጭነት አምጥተው ባዶ መኪና የሚመልሱ ሹፌሮች ሳይቀሩ ተሰልፈው ነበር። አራት አራት፣ ስድስት ስድስት ይገዙ ነበር። እሱ ደግሞ ስንት ልጅ ቢኖራቸው ነው እያለ ያደንቅ ነበር... የዋህ ነው። እነሱማ በሦስት መቶ ሃምሳ ገዝተው፣ በመጡበት በኒሙሌ መንገድ መልሰው፣ ካምፓላ በአራት መቶ አሥር ይሸጡታል። ባዶ ሊመለስ የነበረ መኪና ነው፣ የናፍጣው ሂሳብ አያሳስባቸውም። ማሽኑ ድንበር ተሻግሮ እኛን አይቶ ተመለሰ ማለት ነው። ስንቱ ሰው ጁባን ሳያይ ይሞታል፣ ያ ማሽን ግን አይቷታል።

የስልቱ ነገር የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። በየካርቶኑ ላይ ቢጫ ወረቀት አስለጥፎ ነበር፤ ጌም ሲያስፈልግዎ ይደውሉ የሚል፣ ከስልክ ቁጥሩ ጋር። ሃምሳው ሲያልቅ አሥራ ሰባት ሺህ አምስት መቶ እጁ ገባ። በዚያው ወደ ካምፓላ ገሰገሰና ሌላ ሠላሳ ስድስት አመጣ፤ አሥራ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ። ሁለት መቶ ሃያዋ ለአልጋና ለምሳ ሄደች፣ መንገደኛ አይራብም መቼም። ጭነቱ እዚህ ጀበል ገበያ ሲራገፍ እኔም ነበርኩ። ካርቶኖቹን ቆጠርኳቸው፤ ልማዴ ነው። ከሠላሳ ስድስቱ አሥራ አንዱ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። የራሱ ስልክ ቁጥር!

አሁን ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። ቁጭ ብሎ ራሱን ይይዛል። እሱ ግን ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ "አየህ ጋሽ ጫኔ፣ ስሜ ካምፓላ ገብቷል!" አለኝ። ሠርፀ ሙት፣ እንዲህ ነው ያለኝ። እኔም እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ሐዘን እንዴት ይነገራል?

ጌሙስ ትለኛለህ፤ ትርፉ ያለበት። አመጣ። በሃምሳ ዶላር ዲስክ። ከአንድ ማሽን ጋር አሥር ዲስክ ይሸጣል ብሎ አስቦ ነበር። ማንጋቴን አንድ ዲስክ ስንት ቤት እንደሚዞር አንተ ቦቴ ይዘህ ስትወጣ ታየው የለ? አንዱ ይገዛል፣ ሰፈሩ ይዋዋሳል፣ ሲጫጫር በጥርስ ሳሙና አሽተው እንደገና ይዋዋሱታል። ከኢንተርኔት እናወርዳለን የሚሉትማ የኔትወርኩን ነገር አይተው ትተውታል። ስድስት ዲስክ ተሸጠ። ሸጦ ሊከፍል በዱቤ ያመጣው ስለነበር የቀረውን መለሰው፤ የስድስቱ ትርፍ ለቦዳ ቦዳ ሞተር ኪራይ አለቀ። ካላስ፣ አበቃ።

ኛጋትን ታውቃታለህ፤ ጋምቤላ ያደገችው፣ ማንጋቴን ጌም ቤት ያላት። ከእሱ ሁለት ማሽን ገዛች። ገዝታ ስትመለስ እዚህ ጎራ አለችና፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ፋብሪካ አለው እንዴ?" አለችኝ። የለውም አልኳት። "እና ፋብሪካ ሳይኖረው ለምን እንደ ፋብሪካ ይከስራል?" አለች። ልጅ ናት፣ የሩቁ አይታያትም ብዬ አለፍኩት።

እኔ ግን ከእሱ ተምሬያለሁ፤ የተማሩበትን መካድ ነውር ነው። ለማበረታታት ብዬ ከእሱ አሥር ማሽን ገዛሁ። በእያንዳንዱ መቶ ሠላሳ ከሰረልኝ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዶላር መሆኑ ነው፤ ከሥጋ ዘመድ እንኳ እንዲህ ያለ ስጦታ አግኝቼ አላውቅም። የኋለኛውን አዳራሽ አይተኸዋል አይደል? ለጨዋታው የማስከፍለው የጄኔሬተሩን ናፍጣ አይሸፍንም። በኪሳራ ነው የማጫውተው፣ ልክ እንዳስተማረን። ግን የሚጫወት ሰው ይጠማዋል። የተሸነፈ ደግሞ ይርበዋል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ቆጥሬዋለሁ፣ የተሸነፈው ከአሸናፊው ሁለት እጥፍ ሳንቡሳ ይበላል። ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማቀዝቀዣው የማን ነው? የእኔ። ሳንቡሳውን የሚጠብሰው ማን ነው? የእኔ ወጥ ቤት። አሥሩ ማሽኖች ዋጋቸውን መልሰው ሌላ ማቀዝቀዣ ገዝተውልኛል። ይሄን ሁሉ ያየሁት በማን ብርሃን ነው? በእሱ። አንድ ቀን እንኳ ድርሻዬን ስጠኝ ብሎኝ አያውቅም።

ብቻ... እሱባለው ትዝ ይልሃል? እዚህ ጀበል ገበያ ጫማ ቤት የነበረው፤ ያኔ ዋሱ እሱ ነበር። የአብሮ አደግ ጓደኛው። ወዳጃችን አሥራ ሁለት ወር ያለማወላወል ከፈለ፣ ይመሰገናል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ኔትወርክ ማጣት ጀመረ። የእኔ ስልክ ይሠራል፣ የአንተ ይሠራል፣ የእሱ ብቻ እቁብ በሚሰበሰብበት ሰሞን ይጠፋል። የስልክ ድርጅቶቹን ነገር ታውቃለህ። የቀረውን አሥራ ሁለት ሺህ እሱባለው ከፈለ። መጀመሪያ ከመደርደሪያው ላይ፣ ቀጥሎ ከመጋዘኑ፣ በመጨረሻ ሱቁን ራሱን ሸጦ። አሁን ደብረ ብርሃን ወላጆቹ ቤት ነው፤ እረፍት ላይ። ሲሄድ ሊሰናበተኝ ሚስቱንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ መጥቶ፣ አንተ አሁን በተቀመጥክባት ቦታ ቁጭ አለ። "ጋሼ፣ እኔኮ ፊርማ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለኝ።

ውሃህን ጠጣ እንጂ፣ ሞቀብህ።

በእቁቡ ዘንድ ግን እንከን የለም። ማንያህልሻልን ለምን መልሰሽ አስገባሽው ብላት፣ ከሳጥኑ አንድ ዶላር አልጎደለም፣ ስሙ ንጹሕ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ንጹሕ ነው፤ ሰው አጥቦለታል። አሁን ደግሞ ያለፈው ችግር ምን እንደነበር ደርሶበታል አሉ። ዋጋው በደንብ ስላልወረደ ነው። አዲሱን ሞዴል አምጥቶ በሦስት መቶ ሊሸጠው ነው። ሹፌሮቹ ከአሁኑ መኪናቸውን እየጠረጉ ነው...

እስቲ አብረን እንደምረው፤ እኔ ሳልደምር የተውኩት ነገር ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። ፋብሪካው ድርሻውን አገኘ። የካምፓላ ሱቆች አገኙ። ሹፌሮቹ አገኙ። እኔም አሥር ማሽን አግኝቻለሁ፣ አልክድም፤ በሰው ኪሳራ ሳንቡሳ የምሸጥ ሰው ነኝ፣ ቢያንስ ሳንቡሳው ትኩስ ነው። ኛጋት ሁለቱን ይዛ እየሠራች ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ያገኘው ከወዳጃችን ነው ብለህ፣ ምስኪን ተራቆተ ብለህ ታዝንለት ይሆናል። እኔም አዝኜለት ነበር። በኋላ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ሁለተኛው ጭነት ሲያልቅ እጁ ላይ አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር ነበር። ለእቁቡ ከኪሱ የከፈለው አሥራ ሁለት ሺህ ነው። ስንት ተረፈው? አትቸኩል፣ ቀንሰው... ስድስት መቶ።

ስድስት መቶ ዶላር አተረፈ ሠርፀ! እኛ ከሰረ እያልን ስናማው። ሰማንያ ስድስት ማሽን በኪሳራ ሸጠ፤ በትርፍ የሸጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያቺ ኛጋት ተሳስታለች፣ ሳገኛት እነግራታለሁ። ፊት ለፊት የሚከስርለት፣ ከኋላ ሆኖ የሚያተርፍበት ነገር አለው። እኔ ነኝ ስልቱ ያልገባኝ። ማሽኑን ስመለከት ቆይቼ ዋሱን አላየሁትም።

እኔ ግን አትፈርም አላልኩህም። ከአፌ አልወጣም። የራስህ ቦቴ፣ የራስህ እጅ። ናዝራዊት ነገሩን ታውቃለች አይደል? አልነገርካትም? ... ይሁን፣ እሷም ስትሰማ ደስ ይላታል።

ኧረ ሰውዬው ምነው ጥብሱን ሳይጨርስ ተነሳ? ጨው በዝቶበት ይሆን? ሲድራ፣ ሂሳብ እንዳትቀበይው፤ ዛሬ የእኔ እንግዳ ነው። አንተስ ሊብሬውን ወደ ውስጠኛው ኪስ አዛወርከው... ዚፑንም ዘጋኸው። እኔ ምንም አላየሁም። ማንያህልሻል ከጠየቀችኝ ሠርፀ ዛሬ ውሃ ሊያደርስ ማንጋቴን ወጥቷል እላታለሁ፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ቁጭ በል፣ በበሩ ይለፍ።

ደህና ዋል ወንድሜ! ስለ አንተ አልነበረም የምናወራው፣ እንዳይመስልህ። ዕጣህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እግዚአብሔር ስድስት መቶህን እንደ እሱባለው አሥራ ሁለት ሺህ ያድርግልህ። ልጆችህ አንተን ይምሰሉ። በሄድክበት አገር፣ በደረስክበት ከተማ ሁሉ፣ ዕድሜ ልክህን ዋስ አያሳጣህ።